የሚያጠቃ የመስመር ተከላካይ ለመሆን፦ ከአውስትራሊያ የልጆች ሜዳ እስከ አውሮፓ

ጆርዳን ቦስ በ2023 ከሜልበርን ሲቲ ወደ ቤልጂየሙ ዌስተርሎ ሲዛወር፣ በወቅቱ ከአውስትራሊያ ከፍተኛው ሊግ፣ ከኤ-ሊግ፣ ለወጣ ተጫዋች ትልቁ የተባለ ሂሳብ ተከፍሎበታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኔዘርላንድሱ ፌይኖርድ ወሰደው። አዚዝ ቤሂች ከሜልበርን ተነስቶ ቱርክ፣ ኔዘርላንድስና ስኮትላንድ ደርሷል። ኤሊ ካርፔንተር ካውራ ከምትባል የኒው ሳውዝ ዌልስ የገጠር ከተማ ወጥታ ሊዮን፣ ቀጥሎም ቼልሲ ገብታለች። ሦስቱም የመስመር ተከላካዮች ናቸው፤ የሦስቱንም ስም ያስጠራው ወደ ፊት መሄዳቸው ነው።

የሚያስመርጣቸው ግን ሌላ ነው። መሄድን ፈጣን ልጅ ሁሉ ይችላል። መልማይ ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው፣ ኳስ በጠፋች በአምስትና በስድስት ሰከንድ ውስጥ ተጫዋቹ የት እንደተገኘ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለቦታው ማን ይሆናል?

ልጅን በስምንት ዓመቱ «አንተ የቀኝ ተከላካይ ነህ» ማለት አያስፈልግም። በአውስትራሊያ የልጆች ውድድር፣ ሚኒሩስ በሚባለው፣ ከ6 እና ከ7 ዓመት በታች ያሉት 4 ለ4፣ ከ8 እና ከ9 በታች ያሉት 7 ለ7፣ ከ10 እና ከ11 በታች ያሉት 9 ለ9 ይጫወታሉ። ሙሉ ሜዳና 11 ለ11 የሚመጣው በ12 ዓመት ምድብ ነው። በትንሽ ሜዳ ላይ የመስመር ተከላካይ የሚባል ሥራ በትክክል የለም፤ የሚሻለው ልጁ በክንፍም በመሐልም ተጫውቶ ኳስ ይዞ አብዶ መሥራትን፣ ጫና ውስጥ ሆኖ መዞርን መልመዱ ነው። ቦታውን ለመቁረጥ 14 ዓመት አይረፍድም። እንዲያውም ጥሩ የሚያጠቁት አብዛኞቹ በልጅነታቸው የክንፍ ወይም የአማካይ ተጫዋች የነበሩ ናቸው።

የሚፈለገው ቁመት አይደለም። አርባ ሜትር ሮጦ፣ ኳስ አሻምቶ፣ ያንኑ አርባ ሜትር ተመልሶ፣ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ መድገም ነው። ግራ እግሩ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በየክለቡ የግራ መስመር ተከላካይ ይጎድላል። ቀኝ እግረኛን ግራ ላይ ማሰለፍ ለጊዜው ቀዳዳ ይሸፍናል፤ ልጁ ግን ኳሷን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ እየቆረጠ መስመሩን ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ቶኒ ፖፖቪች ብሔራዊ ቡድኑን፣ ሶከሩስን፣ በመስከረም 2024 ከተረከበ ወዲህ የሚያሰልፈው ሦስት የመሐል ተከላካይና ሁለት መስመሩን ከጫፍ ጫፍ የሚሸፍኑ ተጫዋቾች ይዞ ነው። ስለዚህ በአራት ተከላካይ ብቻ የለመደ ወጣት በሦስት የሚጫወት ክለብ ሲያገኝ ቦታውን አይልቀቅ፤ ሁለቱንም ይልመድ።

ምዝገባ፦ አዲስ የመጣ ቤተሰብ የሚቸገርበት

ይሄን ክፍል ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ሜልበርን፣ ሲድኒ ወይም ፐርዝ የመጡ ወላጆች በደንብ ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። መጀመሪያ፣ የምትሄዱበት ክለብ የሶከር፣ ማለትም የእኛው እግር ኳስ፣ እንጂ የፉቲ፣ በእጅም የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ኳስ፣ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ በተለይ ሜልበርን ውስጥ ሁለቱም «ፉትቦል ክለብ» ይባላሉ።

ምዝገባ የሚካሄደው በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው። ዕድሜው 10 የሞላና በሌላ አገር ክለብ ተመዝግቦ የነበረ ተጫዋች ዓለም አቀፍ የዝውውር ማረጋገጫ፣ በአጭሩ አይቲሲ፣ ያስፈልገዋል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ የፊፋ የታዳጊዎች ሕግ ይከተላል። ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ የመጣው ለኳስ ሳይሆን ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም በስደት መሆኑ በሰነድ መታየት አለበት። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የልጁንና የወላጆችን ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ፣ ቪዛውን፣ የመኖሪያና የሥራ ማስረጃ ቀደም ብላችሁ አዘጋጁ። የአማርኛ ሰነድ ካለ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሙት። ጉዳዩ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ውድድር ሊጀመር ሲል አትጀምሩት። «እዚያ አልተጫወተም» ብሎ ማለፍ ቀላል ይመስላል፤ በኋላ ከታወቀ ግን ልጁም ክለቡም ይቀጣሉ።

ከኤ-ሊግ በታች ያለው የክለቦች ሊግ፣ ኤንፒኤል፣ ከየካቲት እስከ መስከረም አካባቢ ይካሄዳል። የወጣቶች ሙከራ የሚደረገው ውድድሩ ሲያልቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በጥር መጥቶ ክለብ የሚጠይቅ ሰው ቡድኑ ተሞልቶ ያገኘዋል። የኤንፒኤል ወጣት ቡድን ክፍያ ከባድ ነው፤ በዓመት ወደ 2,000 የአውስትራሊያ ዶላር የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ክለብ ብዙ ነው። የክልል መንግሥታት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የስፖርት ቫውቸር ይሰጣሉ፤ ቪክቶሪያ ለአንድ ልጅ እስከ 200 ዶላር፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ 50 ዶላር ሲሰጡ ቆይተዋል። ከመክፈላችሁ በፊት የዘንድሮውን መመዘኛ እዩ፣ ክለቡንም በየወሩ መክፈል ይቻል እንደሆን ጠይቁ። ገንዘቡ ካልተገኘ የሠፈር ክለብ ውስጥ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ መጫወት፣ ውድ ክለብ ውስጥ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ይሻላል።

ወደ ፊት መውጣት፦ መቼ፣ በየት በኩል

ሦስት ነገሮች ካልተሟሉ አትውጡ። ኳስ የያዘው ጓደኛ ፊቱ ወደ ተጋጣሚ ግብ የዞረና ጫና የሌለበት ይሁን። ከኋላችሁ የሚሸፍን ሰው፣ ብዙ ጊዜ ተከላካይ አማካዩ፣ ቦታው ላይ ይኑር። በሌላኛው መስመር ያለው ተከላካይ ደግሞ አብሮ አይሂድ። ሁለቱም ሲወጡ መሐል ላይ የሚቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ረጅም ኳስ ትበቃቸዋለች።

ሩጫው ከኋላ ይጀመር። ከክንፍ ተጫዋቹ ጎን ቆሞ ኳስ መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው፤ ተጋጣሚ ሁለታችሁንም በአንድ ሰው ይጠብቃል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር ከኋላው ሆናችሁ፣ ኳሷ ወደ እሱ ስትንከባለል ተነሡ፤ እሱ በመጀመሪያ ንኪው ሲቆጣጠራት እናንተ በሙሉ ፍጥነት አጠገቡ ድረሱ። በውጪ በኩል፣ ማለትም በኦቨርላፕ፣ ስታልፉት በመካከላችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ይኑር። ከዚያ ከጠበበ የሚጠብቀው ተከላካይ አንድ እርምጃ ተራምዶ ሁለታችሁንም ይደርሳል። ቀድማችሁ ከተነሣችሁ ደግሞ ከጨዋታ ውጪ ትሆናላችሁ፣ ወይም ቆማችሁ ኳስ ትለምናላችሁ።

የክንፍ ተጫዋቹ እግሩን የጎን መስመሩ ኖራ ላይ ተክሎ የቆመ ከሆነ ውጪ ቦታ የለም። ያኔ በእሱና በተጋጣሚ የመሐል ተከላካይ መካከል ባለው ክፍተት፣ በውስጥ በኩል፣ ሩጡ። ይሄ አንደርላፕ ነው። ኳስ ባታገኙም የሚከተላችሁ አማካይ ለክንፍ ተጫዋቹ መንገድ ይከፍትለታል፤ ይሄን ባዶ ሩጫ በጨዋታ ስድስት ሰባት ጊዜ የሚሠራ ተጫዋች አሰልጣኝ ይወደዋል።

የመስመር ተከላካይን ወደ መሐል አስገብቶ እንደ አማካይ ማጫወት በአውስትራሊያዊው አሰልጣኝ በአንጌ ፖስቴኮግሉ ቡድኖች ጎልቶ ታይቷል፤ በዮኮሃማ፣ በሴልቲክ፣ በቶተንሃም። ሰውየው ራሱ የሳውዝ ሜልበርን የግራ ተከላካይ ነበር፤ ታላቁ ፌሬንስ ፑሽካሽ አሰልጥኖታል። እንዲህ ለመጫወት የሚፈለገው አንድ ልማድ ነው፦ ኳስ ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ጊዜ በትከሻችሁ ላይ ዞር ብላችሁ ማየት። መስመር ላይ ጀርባችሁን የሚጠብቀው የጎን መስመሩ ነው፤ መሐል ላይ ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣባችኋል።

ማሻማት

ሦስት ዓይነት ኳስ በቂ ነው። የመጀመሪያው ከግብ መስመሩ ጥግ ወደ ኋላ የምትቆረጥ፣ መሬት ለመሬት ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ አካባቢ የምትሄድ ኳስ ናት። ተከላካዮች ወደ ራሳቸው ግብ እየሮጡ ስለሆነ ዞረው ማጽዳት ይከብዳቸዋል። ሁለተኛዋ በበረኛውና በተከላካዮቹ መካከል፣ ከአምስት ከሃምሳው ፊት ለፊት፣ ጠንክራ የምትመታ ዝቅተኛ ኳስ ናት። ሦስተኛዋ ከ16 ከ50ው መስመር ትይዩ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ተከላካዮቹ ሳይደራጁ ወደ ሩቁ ቋሚ የምትሻማ ናት። ለቴስታ ጥሩ አጥቂ ከሌላችሁ ሦስተኛዋን አታብዙ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከእያንዳንዷ አሥር አሥር ኳስ፣ በአጠቃላይ ሠላሳ። ግማሹን በልምምድ መጀመሪያ፣ ግማሹን ደክሟችሁ መጨረሻ ላይ ምቱ፤ ጨዋታ ላይ የምታሻሙት ከሩጫ በኋላ ነውና። ቆማ ያለች ኳስ አትምቱ፤ ሃያ ሜትር ነድታችሁ ይሁን። ከቅርቡ ቋሚ አምስት ሜትር ያህል ወደ እናንተ ቀረብ አድርጋችሁ አንድ የሰው ቅርጽ ያለው የልምምድ ምስል ወይም ቦርሳ የተሰቀለበት ዱላ አቁሙ። እሱን ያላለፈች ኳስ አትቆጠርም።

የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። የቆመው እግር ወደ ኳሷ በጣም ከተጠጋ ምቱ ይታፈናል፤ ደረት ወደ ኋላ ካጋደለ ኳሷ ከግቡ በላይ ትሄዳለች። ቀና ብሎ ማየት ያለባችሁ ከመጨረሻው ንኪ በፊት ነው እንጂ እግር ሲወነጨፍ አይደለም። የመጨረሻዋ ንኪ ደግሞ ኳሷን አንድ ሜትር ያህል ሰያፍ ወደ ውስጥ ታስቀምጣት። ቀጥታ ወደ ፊት ከተነካች ዳሌያችሁ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ እንደዞረ ይቀራል፤ ኳሷም የመጀመሪያው ተከላካይ እግር ላይ ታርፋለች።

ማሻማት ብቻ አይደለም። በ2022 የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ በአርጀንቲና 2 ለ1 እየተመራች በ81ኛው ደቂቃ ቤሂች ከግራ ወደ ውስጥ ገብቶ የአርጀንቲናን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እያለፈ ግብ ሊያገባ ሲል ሊሳንድሮ ማርቲኔዝ ተንሸራቶ ከለከለው። ቪዲዮውን ስታዩ ኳሷን ሳይሆን አካሉን እዩ፦ ወደ ውስጥ የገባው ተጋጣሚዎቹ «ወደ መስመሩ ይሄዳል» ብለው በቆሙበት ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት የሚገኘው ቀደም ብሎ ደጋግሞ ወደ መስመሩ በመሄድ ነው።

እግረ መንገዳችንን፦ የእጅ ውርወራ የመስመር ተከላካይ ሥራ ነው፤ ማንም ግን አይለማመደውም። ሁለቱም እግር መሬት ይንካ፣ ኳሷ ከጭንቅላት ኋላ ትነሣ፤ ወደ ጓደኛ እግር ወርውራችሁ እናንተው ተመልሳችሁ ተቀበሉ። በወጣቶች ጨዋታ ላይ ከውርወራ የሚጠፋው ኳስ ያሳዝናል።

መመለስ

ኳስ ስትጠፋ ርቀቱን ለኩ። ከያዘው ተጫዋች በአምስት ሜትር ውስጥ ከሆናችሁ ወዲያው ግቡበት፤ ወደ ፊት እንዳያቀብል ብቻ አድርጉት። ከዚያ ከራቃችሁ ኳሷን አታሳድዱ። በሰያፍ ወደ ራሳችሁ ግብ ቅርብ ቋሚ ሩጡ፤ ኳሷም ተጋጣሚውም ወደዚያው ይመጣሉ። በመጡበት መስመር ቀጥታ የሚመለስ ተጫዋች ሁልጊዜ ከሰውየው ኋላ ይሆናል።

ከኋላ ሆኖ በ16 ከ50 ውስጥ መንሸራተት ምን እንደሚያመጣ በ2018 የዓለም ዋንጫ ካዛን ላይ ታይቷል። የአውስትራሊያው የቀኝ ተከላካይ ጆሽ ሪስደን ግሪዝማንን ለማስጣል ተንሸራተተ፤ በቪዲዮ ዳኝነት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ፈረንሳይ 2 ለ1 አሸነፈች። ከአጥቂው ጎን ካልደረሳችሁ ቁሙ፣ አካላችሁን ሰያፍ አዙሩ፣ ወደ ውጪ ግፉት። ሁለት ሰከንድ ማዘግየት አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ያመጣል።

ለመመለስ የሚያበቃው ልምምድ ቀላል ነው፤ የሚወደው ግን የለም። 40 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ አንድ ኳስ ማሻማት፣ ወዲያው 40 ሜትር መመለስ፣ 75 ሰከንድ እረፍት። በአራት ድግግሞሽ ጀምሩ፤ ወደ ስድስት አሳድጉ፤ ከዚያ አራት ደቂቃ አርፋችሁ ሁለተኛ ዙር። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት። የመመለሻውን ሰዓት ያዙ፦ መጀመሪያ 6 ሰከንድ የነበረው 6.6 ሲሆን አቁሙ። ከዚያ በኋላ የምትለማመዱት ቀስ ብሎ መሮጥን ነው።

ገላ

የዚህ ቦታ ጠላት የጭን የኋላ ጡንቻ ነው፤ ሙሉ ፍጥነት፣ ድንገት ማቆም፣ ደግሞ መነሣት። ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ ይረዳል፦ ተንበርከኩ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታችሁን ይያዝ፣ ወገባችሁን ሳታጥፉ በተቻለ መጠን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ውረዱ፣ መጨረሻ ላይ በእጃችሁ ተቀበሉ። የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቀን 2 ዙር 5 ጊዜ፤ ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ቀን 2 ዙር 6 ጊዜ፤ ሦስተኛ ሳምንት ሦስት ቀን 3 ዙር ከ6 እስከ 8፤ አራተኛ ሳምንት 3 ዙር ከ8 እስከ 10፤ ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ሳምንት 3 ዙር፣ በየተራ 12፣ 10 እና 8 ጊዜ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በጨዋታ ዋዜማ ፈጽሞ አትሥሩት፤ ጡንቻው ታሞ ይውላል። ብዙዎች በመጀመሪያው ሳምንት ከአቅም በላይ ሠርተው፣ መራመድ አቅቷቸው ይተዉታል።

የጉልበት ጅማት ሌላው ፍርሃት ነው። ካርፔንተር በ2022 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ጅማቷ ተበጥሶ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ለአውስትራሊያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ለማቲልዳስ፣ ተሰልፋለች፤ የሲድኒው ራያን ግራንትም ከዚሁ ጉዳት ተመልሶ በ2020 የኤ-ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ብቸኛዋን ግብ አስቆጥሮ የጨዋታው ኮከብ ተብሏል። ስለዚህ ጉዳቱ የሙያ ማብቂያ አይደለም፤ ከዘጠኝ ወር በፊት ለመመለስ መቸኮል ግን ሊሆን ይችላል።

ኤ-ሊግ የሚካሄደው በአውስትራሊያ በጋ ነው፤ ከፐርዝ ዌሊንግተን ደግሞ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከረጅም በረራ ማግስት ከላይ ያለውን የሩጫ ልምምድ ዝለሉት።

ከኤንፒኤል ወደ ኤ-ሊግ፣ ከዚያም ውጭ

ከ17 እስከ 19 ዓመት ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው። የአንድ ወጣት ዋጋ የሚለካው ከአዋቂዎች ጋር በተጫወተው ደቂቃ ነው። በኤንፒኤል ዋና ቡድን 20 ጨዋታ ያደረገ የ18 ዓመት ልጅ፣ ስሙ በኤ-ሊግ ክለብ ወጣት ቡድን ተጽፎ ከማይሰለፈው ይቀድማል። የኤንፒኤል ሕይወት ግን በማታ ልምምድ፣ በቀን ሥራ ነው። ስኮት ቺፐርፊልድ ለዎሎንጎንግ ሲጫወት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ በ2001 ባዝል ገብቶ ሰባት የስዊዘርላንድ ሻምፒዮንነት አግኝቷል። ሥራ ወይም ትምህርት ያዙ፤ የቀን ሥራው ግን በእግር ሲያስቆም የሚውል ከሆነ ማታ ሩጫ የለም።

ለክለብ የምትልኩት ቪዲዮ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች መከላከል ይሁኑ፦ አንድ ለአንድ፣ መመለስ፣ ሩቁ ቋሚ ላይ ቴስታ። ሁሉም ሰው በማሻማት ይጀምራል፤ መልማዩ ግን የሚጠራጠረው ሌላውን ነው። ኳስ ከመምጣቷ በፊት ያሉትን አምስት ሰከንዶች አትቁረጡ፣ ሙዚቃ አትጨምሩ፣ ከሥሩ የአንድ ሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ አያይዙ፤ የተሸነፋችሁበትም ቢሆን።

ወኪል ነኝ የሚል ሁሉ ወኪል አይደለም። የፊፋ ፈቃድ ያለው መሆኑን በፊፋ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ማነጋገር አይችልም። «አውሮፓ ሙከራ አለ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» ያላችሁን ሰው ተዉት። ከ18 ዓመት በታች ዓለም አቀፍ ዝውውር በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር የተከለከለ ስለሆነ፣ ለ16 ዓመት ልጅ የአውሮፓ ክለብ ውል የሚያመጣ ሰው ምን እንደሚሸጥ ጠይቁት።

ኤ-ሊግ በግንቦት አካባቢ ስለሚያልቅ የበጋው የአውሮፓ ገበያ ይመቻል፤ የአውሮፓ ክለብ ቅድመ ውድድር ልምምዱን ሲጀምር ትደርሳላችሁ። በጥር የሚሄድ ተጫዋች የራሱን ውድድር ከመሐል አቋርጦ፣ ቋሚ አሰላለፉ የታወቀ ቡድን ውስጥ፣ በክረምት ይገባል። ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በእናንተ ቦታ ስንት ተጫዋች አለ፣ የነባሩ ውል መቼ ያልቃል፣ አሰልጣኙስ በአራት ነው በሦስት ተከላካይ የሚጫወተው? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «ሦስት» ከሆነ ውሰት ይፈቀድ እንደሆን ውሉ ላይ አስጽፉ።